ጓሮው ወደ ባሕር የዞረው ቤት

ሲያትል ውስጥ አንድ ሐበሻ ቤት ገብታችሁ የኩሽናው ካቢኔት ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ ካያችሁ፣ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ተንጋዶ ካያችሁት ሌላ ሰው ነው። ሽኩር እባላለሁ፣ የቡታጅራ ልጅ ነኝ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት፣ መልኬ አርባ። አናጢነት ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ የራሴን ቤት አበላሸሁ፣ ከዚያ ቪዲዮ እያየሁ አስተካከልኩት፣ ከዚያ የሰው ቤት ውስጥ ገባሁ። ዛሬ ዋይት ሴንተር ውስጥ የራሴ ወርክሾፕ አለኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ኦኬ፣ ለመኩራራትም ነው። ግን የማወራችሁ ይሄው ጉራዬ አንድ ሰው ሊገድል ስለነበረበት ቀን ስለሆነ፣ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ አስቀድማችሁ ብታውቁ ይሻላል።

አሥራ አንድ ዓመት አብረውኝ የሠሩት ሰው ፊሊፒኖ ናቸው። ኤርኒ ይባላሉ፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ በሆዴ ግን ሁልጊዜ አንቱ ናቸው፣ እዚህም እንደ ሆዴ እጽፋለሁ። ጋሼ ኤርኒ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ የብዙ ሠራተኛ አለቃ የሆንኩ ይመስል «ቦስ» ይሉኛል። ሠራተኛው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ነገራቸው ያበሽቀኝ ነበር። የድሮ ቤት ስናፈርስ ከግድግዳ የሚወጣውን እያንዳንዱን ጣውላ ገልብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጽፋሉ። እኔ በዓይኔ የምሠራ ሰው ነኝ፤ አንዴ ካየሁ በቃኝ። ኖርዝጌት አንድ ቤት ውስጥ፣

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጣውላ ነው። አውሮፕላን ላይ የሚጫን ሻንጣ አስመሰሉት» አልኳቸው።

«ካልጻፍኩ የት እንደነበረ እረሳለሁ፣ ቦስ።»

ሳቅኩ። የሚሉትን አልሰማሁም። ሲጽፉም እያወሩ ነው የሚጽፉት፤ ስለተወለዱበት ቤት፣ ስለ አባታቸው፣ ስለ አንድ ወንዝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አወሩ። እኔ ደግሞ የራሴ ጨዋታ ስለሚበልጥብኝ መሃል ላይ ገብቼ አቋርጣቸዋለሁ።

ከዚያ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ መዶሻ፣ ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ የልጃቸውን ስም። ሐኪሙ ለባለቤታቸው ለእትዬ ሉዝ፣ ገና ጅምሩ ነው፣ ይብሳል፣ አላቸው። እትዬ ሉዝ አንድ ቀን ወርክሾፕ መጥተው እንጨት ክምር ላይ ተቀመጡና ነገሩኝ። ጋሼ ኤርኒ የተወለዱበትን ቤት ቤተሰቡ ድሮ ሸጦታል። የገዛው ሰው ቤቱን ጣውላ በጣውላ ፈቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በመኪና ጭኖ ወስዶ እዚያው ፊሊፒንስ ውስጥ ባሕር ጠርዝ ላይ እንደገና ገጥሞታል። ከሌሎች ከስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን ከቀሩ አሮጌ ቤቶች ጋር ሪዞርት ሆኗል። ሰው ከፍሎ ያድርበታል።

«ቤቱን ሳይረሳ ይየው» አሉኝ። «እኔ በዚህ ጉልበቴ አውሮፕላን አልችልም። ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው።»

«እትዬ ሉዝ፣ ለእኔ ይተዉት። ፀጉራቸውን ቆጥሬ ወስጄ ቆጥሬ እመልሳቸዋለሁ።»

ጋሼ ኤርኒ ራሰ በራ ናቸው። እትዬ ሉዝ ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ የመድኃኒት ሳጥን ሰጡኝ። የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ ለልብ ጠዋት አንድ፣ ቀትር ላይ አንድ። «የቀትሩን እንዳታሳልፈው» አሉኝ። «ከዘለለው ይወድቃል።»

ሶ፣ ሄድን።

ሪዞርቱ ማታ ደርሰን ስለተኛን ምንም አላየሁም። ጠዋት ስነሳ ግን፣ ወላሂ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ግዙፍ ቤቶች፣ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጥቁር ጠንካራ እንጨት። መስኮቶቹ ወደ ጎን የሚንሸራተቱ፣ መስታወታቸው ደግሞ መስታወት ያልሆነ፤ ስስ የባሕር ዛጎል በካሬ በካሬ ተቆርጦ የገባበት። ብርሃኑ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። እኔ የሰው ሥራ የማደንቅ ሰው አይደለሁም፤ እዚያ ግን አደነቅኩ።

ቁርስ ላይ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ሩዝና እንቁላል በሙዝ ቅጠል ቀረበ። ጋሼ ኤርኒ ግማሹን በልተው የቀረውን በቅጠሉ መጠቅለል ጀመሩ። ሲጠቀልሉ እጃቸው አይሳሳትም፣ አጥፈው፣ ገልብጠው፣ ጫፉን አስገብተው።

«ጋሼ፣ ምሳም እኮ ይሰጣሉ» አልኳቸው።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ቤቱን ያሳየችን ማሪቴስ የምትባል አስጎብኚ ናት። ጥሩ ልጅ፣ ሠላሳ የሚሆናት። ጋሼ ኤርኒ ደረጃውን ሲወጡ እጃቸውን መደገፊያው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ፣ እንደ ፈረስ አንገት እየዳሰሱት ወጡ። ሳሎኑ ጥግ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ የተላቀቀ ጣውላ ጀርባ በጣታቸው ዳሰሱ። በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል።

«ጻፉበት» አሉኝ። «አየህ ቦስ? ጽፈውበታል።»

ከዚያ ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንግዲህ ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። እኔ ያደግኩበት ቤት ውስጥ ሽማግሌ ሲያለቅስ ቆሞ ማየት ነውር ነው። አባቴ ወንድማቸው የሞቱ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ ሁላችንም አንድ በአንድ ሹልክ ብለን ነው የወጣነው። እንደዚያው አደረግኩ። ማሪቴስን በዓይኔ ጠቅሼ ይዣት ወረድኩ። ክብር መስጠቴ ነበር። መርሳት የጀመረ ሰው ግን በክብር ብቻውን አይተውም። ይሄ በጭንቅላቴ አልመጣም።

ታች ለማሪቴስ ሞያዬን አሳየኋት። «ይሄን ቤት ስትገጥሙት አዙራችሁታል» አልኳት።

«እንዴት አወቅክ?»

«በዚህ በኩል ያለውን ጣውላ እይው፤ ነጥቷል፣ ተሰነጣጥቋል። መቶ ዓመት የከሰዓት ፀሐይ የበላው ነው። አሁን ግን የጠዋት ፀሐይ ነው የሚያገኘው። ድሮ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ፊት አሁን ወደ ምሥራቅ ያያል።»

«ማንም እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም» አለች።

«እንደ እኔ ያለ ሰውም አጋጥሞሽ አያውቅም።»

እዚህ ጋ ቆሜ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለራሴ አወራሁ። ስንመለስ ሳሎኑ ባዶ ነው። መኝታ ቤቶቹ ባዶ። ኩሽናው ባዶ። የመድኃኒቱ ሳጥን ኪሴ ውስጥ ኳ ኳ ይላል።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። «ሽንት ቤት ናቸው» አልኩ። ቀጥሎ «ካፌ ናቸው»። ቀጥሎ የጥበቃ ሠራተኞች መጡ፣ ጎልፍ ካር መጣ፣ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ስልካቸው ላይ ደወልኩ፤ ማደሪያችን ውስጥ አልጋቸው ላይ ጮኸ።

«ወዴት ሊሄዱ ይችላሉ?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ይሄን ጊዜ «አላውቅም» የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገው። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦ «እኚህን ሰው እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቃቸው። የተወለዱበት ከተማ በምሥራቅ ነው፣ የሪዞርቱ ዋና በርም በምሥራቅ ነው። አገራቸው ሊሄዱ ወጥተዋል። መንገዱን ያዙ።» በልበ ሙሉነት ስለተናገርኩ ሁሉም አመኑኝ። ያለው ሰው በሙሉ ወደ በሩና ወደ ዋናው መንገድ ተበተነ። እኔም አብሬ። ጎልፍ ካሩ ላይ ተቀምጬ ለማገኘው ባለሱቅ ሁሉ ፎቷቸውን እያሳየሁ «ይሄን ሰው አይታችኋል?» አልኩ። ማንም አላያቸውም። ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ ጋር አጣበቀው። እኔ እንዲህ ከሆንኩ እሳቸውስ፣ በዚያ ልብ፣ ያለ ውሃ?

ስልኬ ጮኸ። እትዬ ሉዝ ናቸው፤ ሲያትል ላይ ምሽት ነው። መልእክት ነው የላኩት። «ቤቱን አየ? ምን አለ? ፎቶ ላክልኝ።»

መንገድ ዳር ቆሜ ስልኩን አየሁት። ከዚያ ያደረግኩትን ለባለቤቴ እንኳን እስካሁን በደንብ አልነገርኳትም። ጠዋት ደረጃው ላይ ያነሳኋቸውን ፎቶ መርጬ ላክሁ። «በጣም ደስ ብሏቸዋል» ብዬ ጻፍኩበት።

ቀይ ልብ መለሱልኝ። ሦስት።

ሰዓቱ ሄደ። ቀትር ሲሆን ወደ ቤቱ ተመለስኩ። ሳጥኑን ከፍቼ የቀትሯን ክኒን አየኋት፣ ትንሽ፣ ነጭ፣ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። ዘጋሁት። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ጥበቃ በሬዲዮ ከማሪቴስ ጋር አወራና ፊቷ ተለወጠ።

«ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ማሪቴስ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ንገሪኝ።»

«ከሰዓት ባሕሩ ይሞላል፣ ወደ ታች የሄደ ካለ አስጠንቅቁ ነው ያለው። ግን አንተ ወደ በሩ ነው የሄዱት ብለሃል» አለች።

የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የመድኃኒቱን ሳጥን ብቻ ይዤ ሲያትል ኤርፖርት ስወርድ ታየኝ፤ እትዬ ሉዝ በዚያ ጉልበታቸው ቆመው ከኋላዬ የሚመጣውን ሰው ሲጠብቁ። እዚያው ተቀምጬ ጋሼ ኤርኒ ይነግሩኝ የነበረውን ለማስታወስ ሞከርኩ። አባታቸው ምን ነበር የሚሠሩት? ወንዙ የት ነበር? አሥራ አንድ ዓመት ጆሮዬ ሥር ሲወራ የነበረ ነገር አንድም አልመጣልኝ አለ። የመጣልኝ ሁሉ እኔ ያወራሁት ነው። የራሴ ቀልዶች ቃል በቃል ትዝ ይሉኛል።

ደወልኩ።

«ሽኩር? እንዴት ናችሁ?» አሉ እትዬ ሉዝ።

«እትዬ ሉዝ፣ ጋሼ ጠፍተውብኛል።»

«መቼ?»

«ጠዋት። ፎቶውን ስልክልዎ ጠፍተው ነበር። ዋሽቼዎታለሁ።»

ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሲወጣ ምን ይዞ ነበር?» አሉኝ።

«ምንም… ሩዝ። የቁርሱን ሩዝ በቅጠል ጠቅልለው ነበር።»

«ለአባቱ ምሳ እየወሰደ ነው» አሉ። «ነግሮህ የለ? ሺህ ጊዜ ነግሮሃል እኮ። ልጅ ሆኖ ከኩሽናው ደረጃ ይወርዳል፣ የጠዋት ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ እየገባች ቀጥ ብሎ ወንዙ ድረስ ይሄዳል። አባቱ ወንዙ ማዶ የሩዝ ወፍጮ ላይ ነበሩ። ዳር ቆሞ ይጠብቃቸዋል፣ በልተው ሲጨርሱ ቅጠሉን ይዞ ይመለሳል።»

ለማሪቴስ ነገርኳት። «የጠዋት ፀሐይ ከሆነማ ምሥራቅ ነው» አለች። «ምሥራቅ በሩ ነው። ትክክል ነበርክ።»

«አይደለሁም።» ብድግ አልኩ። «ቤቱን አዙራችሁታል። ጠዋት በገዛ አፌ ነግሬሻለሁ። ድሮ ወደ ፀሐይ ይከፈት የነበረው ኩሽና አሁን ወዴት ነው የሚከፈተው?»

ዓይኗ ፈጠጠ። «ወደ ባሕሩ።»

ሮጥን። እኔ ከሮጥኩ ስንት ዓመቴ ነው፣ ግን ሮጥኩ። ከኩሽናው ደረጃ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መንገድ ሣሩ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ወንዝ ባሕር የምትገባበት ቦታ። ሥሮቻቸው ከውሃ በላይ የቆሙ ዛፎች ሞልተውበታል፣ ማንግሮቭ ይሏቸዋል። ጭቃው ላይ የአንድ እግር ጫማ ብቻውን ቆሟል። የገዛሁላቸው እኔ ነኝ።

ከዛፎቹ አጠገብ ቆመዋል። ውሃው ወገባቸው ጋ ደርሷል። ሩዙን በሁለት እጃቸው ከደረታቸው በላይ ይዘውታል። ፊታቸው በፀሐይ ተቃጥሏል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል፣ ዓይናቸው ግን ውሃው ማዶ ነው።

እንግዲህ ሌላ ጉራ ልንገራችሁ። ሲያትል ውስጥ ዋናተኛ ነኝ ብዬ ያላወራሁበት ቤት የለም። ውሸት ነው። ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። ያን ቀን ገባሁ። ጭቃው ጫማዬን ወሰደው፣ ውሃው ሆዴ ጋ ሲደርስ ትንፋሼ ቆመ፣ ሞት እንደመጣበት ሰው ሸሃዳዬን በሹክሹክታ እያልኩ ሄድኩ።

«ጋሼ» አልኳቸው። «ኑ፣ እንሂድ።»

አዩኝ። አላወቁኝም። በቋንቋቸው የሆነ ነገር አሉ። እጃቸውን ስይዝ ነጠቁኝ፤ ጉልበታቸው የሰባ አንድ ዓመት ሰው ጉልበት አይደለም። ተንገዳገዱ። እግራቸው ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሯል።

«ማሪቴስ፣ ምንድነው የሚሉት?»

ዳር ቆማ እያለቀሰች ተረጎመችልኝ። «አባቴ ሳይበላ አልሄድም ነው የሚሉት። ውሃው ስለሞላ መሻገር አልቻሉም ይላሉ።»

በሕይወቴ ቃል አጥቼ አላውቅም። እዚያ አጣሁ። ብጎትታቸው ይወድቃሉ፣ ብጠብቅ ውሃው ይሞላል። «አባትዎ ሞተዋል» ማለት ደግሞ እዚያው ልጅ ሆነው በቆሙበት መግደል ነው።

«እኔ ላድርስላቸው በያቸው» አልኳት። «ወፍጮ ቤት የምሠራ ነኝ በይ። ረጅም ስለሆንኩ ውሃው አይዘኝም በይ።»

ነገረቻቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ እንደ አዲስ ሠራተኛ። ከዚያ ሩዙን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ይዤው ወደ ዛፎቹ ጀርባ ሄድኩ። ብጥለው ተንሳፍፎ ያዩታል። ስለዚህ ቅጠሉን ፈትቼ በላሁት። ቀዝቃዛ ሩዝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ከእጄ ላይ የባሕር ውሃ፣ ከፊቴ ላይ ደግሞ ሌላ ውሃ። እየታነቅኩ ሁሉንም በላሁ። አንድ ፍሬ አላስቀረሁም፣ እንደሚያዩት አውቄያለሁ።

ስመለስ ውሃው ደረታቸው ጋ ሊደርስ ነው። ቅጠሉን ሰጠኋቸው። ገልብጠው ጀርባውን ጭምር አዩ፤ ጣውላ ሲያዩ እንደሚያደርጉት። አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ጨረሱ ወይ? ምን አሉ? ይላሉ» አለች ማሪቴስ።

«ጨረሱ። ጣፍጧቸዋል። ደክሞሃል፣ አሁን ቤት ግባ ብለዋል።»

ስትነግራቸው ትከሻቸው ወረደ። ያን ጊዜ ትንፋሼን ይዤ ዝቅ አልኩና እግራቸውን ከጭቃው በእጄ ቆፍሬ አወጣሁ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ዓይኔን ውሃ ውስጥ ጨፍኜ። ከዚያ አዘልኳቸው። ቀላል ናቸው፣ ምንም ክብደት የላቸውም። ጥበቃዎቹ ደርሰው ዳር ላይ ተቀበሉን።

ሣሩ ላይ ውሃ ሰጠናቸው፣ ክኒኗን ዋጡ። የሪዞርቱ ነርስ መጥታ ልባቸውን አዳመጠች፣ ጥላ ሥር አስተኛቻቸው። ቅጠሉ እጃቸው ላይ እንዳለ ነው። ብዙ ቆይተው ዞር ብለው አዩኝ።

«ቦስ» አሉ በእንግሊዝኛ። «ሱሪህ ለምን ረጠበ?»

እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ማንም ዞር አላለልኝም፤ ሁሉም ቆመው አዩኝ። ነውር አልመሰለኝም።

እትዬ ሉዝ ጋ ደወልኩ። የጋሼን ድምፅ ሰምተው፣ በቋንቋቸው አብረው አውርተው ሲበቃቸው፣ ጋሼ ስልኩን መለሱልኝ። ሁሉንም ለእትዬ ሉዝ ነገርኳቸው። ስለ ፎቶው ምንም አላሉኝም።

«ሩዙን ማን በላው?» አሉ።

«እኔ።»

«ጣፈጠህ?»

«ጨው በዝቶበታል» አልኳቸው። እትዬ ሉዝ ሳቁ፣ ከዚያ ስልኩን ዘጉት።

ይኸው ተመለስን። ኤርፖርት እትዬ ሉዝ ጋሼ ኤርኒን አቅፈው ራሰ በራቸውን በእጃቸው ዳበሱና «ሙሉ ነው» አሉኝ። ይቅርታ እንደሆነ ገብቶኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ተለውጬ ዝምተኛ ሆኛለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ባለፈው ሳምንት ሌክ ሲቲ አንድ ኩሽና ስገጥም የቤቱን ባለቤት ስለራሴ ስነግራት ነው የዋልኩት። ግን አሮጌውን ካቢኔት ሳወርድ እያንዳንዱን ገልብጬ በእርሳስ ቁጥር ጽፌበታለሁ። እና ምናልባት ከጎናችሁ አንድ ወሬ ደጋግሞ የሚያወራ ሰው አለ። እናት፣ አጎት፣ የሥራ ባልደረባ። «ይሄን ነግረኸኛል» ልትሉት አፋችሁ ላይ ደርሷል። ይህን ሰው አንድ ቀን መፈለግ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ያን ቀን ከዚያ ወሬ ሌላ ካርታ የላችሁም።

ጋሼ ኤርኒ አሁን አይሠሩም። ጠዋት ጠዋት እትዬ ሉዝ ወርክሾፕ ያመጧቸዋል፣ በሩ ጋ ወንበር አላቸው። ስሜን ከረሱት ቆይተዋል፣ «ቦስ» ግን አልጠፋባቸውም። ቤቱን ያወሩልኛል፣ ደረጃውን፣ ሩዙን፣ አባታቸውን። መጋዙን አጠፋለሁ። መሃል ላይ ሲጠፋባቸው እኔ አቀብላቸዋለሁ።

«ከኩሽናው ሲወርዱ፣ ጋሼ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?»

«ዓይኔ ውስጥ» ይላሉ።